ተዋናዩ ካረፈ በኋላ፦ ስለ መታሰቢያ ምሽት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እኛ ጥቂት ጓደኛሞች ነን። መሥሪያ ቤት የለንም፣ ማኅተም የለንም። ቅዳሜ ከሰዓት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ ከድንጋዩ አንበሳ ብዙም ሳንርቅ ማኪያቶ እየጠጣን እንገናኛለን። ተዋናይ ሲያርፍ ቤተሰቡ ከፈለገ ሥራዎቹን እያፈላለግን እንሰበስባለን፤ የመታሰቢያ ምሽት ሲዘጋጅም እናግዛለን። ገንዘብ አንቀበልም። ቡና ከጋበዙን ግን እምቢ አንልም። የሚደውልልን ሰው ሁሉ የሚጠይቀን ነገር ስለሚመሳሰል መልሱን እዚህ ጽፈነዋል።

ቀብር ላይ ሁሉም ተዋናይ «ሁለገብ» ይባላል። ቃሉ ትርጉም አለው?

ልክ ናችሁ። የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሁለገብ ያልተባለ ተዋናይ ሰምተን አናውቅም። ግን ቃሉ ሁለት ነገር ይይዛል። አንደኛው ብዙ ቦታ መሥራት ነው። እኛ አገር ተዋናይ በፊልም ብቻ አይኖርም። መድረክ ይሠራል፣ የሬዲዮ ድራማ ይሠራል፣ መጽሐፍ ይተርካል፣ የሳሙና ማስታወቂያ ያነባል፣ አንዳንዴም ሠርግ ይመራል። ሁለተኛው ብዙ ሰው መሆን ነው። ይሄኛው ይከብዳል።

ወጋየሁ ንጋቱን አስቡት። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ጉዱ ካሳም፣ ፊታውራሪ መሸሻም፣ ሰብለ ወንጌልም ከአንድ ጉሮሮ ይወጣሉ። ማን እየተናገረ እንደሆነ ግን አይምታታባችሁም። መድረክ ላይ ያየው ትውልድ እያለፈ ነው። በድምፁ የሚያውቀው ግን ዛሬም ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ያዳምጠዋል።

እኛ «ሁለገብ» የምንለው ይህን ነው። ችግሩ፣ እንዲህ ዓይነቱ ችሎታ በአንድ ሥራ አይታይም። ሁለቱን ሦስቱን ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። ሰው ሲሞት ደግሞ አንድ ታዋቂ ገጸ ባሕርይ ይቀርና ሌላው ይረሳል። የምንለፋው ለዚያ ለተረሳው ነው።

ምሽቱን መቼ እናድርገው? አርባው ላይ?

ባይሆን ይሻላል። አርባው የቤተሰቡና የቤተ ክርስቲያን ነው። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ሦስተኛው፣ ሰባተኛው፣ አሥራ ሁለተኛው፣ ሠላሳኛው፣ አርባኛው፣ ሰማንያኛው ቀን፣ ከዚያ መንፈቁና ሙት ዓመቱ አለ። አርባው ላይ ቤተሰቡ ገና ከሐዘኑ አልወጣም፤ ሥራዎቹም አልተሰበሰቡም። ሰማንያው ካለፈ በኋላ፣ ወይም መንፈቁ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ሙት ዓመቱም ይሆናል፤ ግን ዓመት ሙሉ ይቀረናል ተብሎ ስለሚዘናጉ ሁሉ ነገር የሚሯሯጥበት በመጨረሻው ሳምንት ነው።

ሟቹ ሙስሊም ወይም ፕሮቴስታንት ከሆነ ይህ አቆጣጠር አይመለከተውም። የሙስሊም ቀብር ብዙ ጊዜ በዕለቱ ይፈጸማል፤ ከሩቅ የሚመጣ አድናቂ አይደርስም። ስለዚህ ምሽቱ ከሌላው የበለጠ ያስፈልጋል። ቀኑን ግን ቤተሰቡ ይምረጥ። «አርባው መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ያሳፍራል፤ እኛ አንዴ ጠይቀን አፍረናል።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ አታድርጉት። ዝናቡ አንድ ነገር ነው፤ ከዝናቡ በኋላ ከሜክሲኮ እስከ ለገሃር ያለው የመኪና ሰልፍ ሌላ ነገር ነው።

ሥላሴ ካልተቀበረ ክብሩ ይጎድላል?

አይጎድልም። አራት ኪሎ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል እነ ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ እነ ጥላሁን ገሠሠ፣ እነ አፈወርቅ ተክሌ አርፈውበታል። ስለዚህ ሰው አይኑን ወደዚያ ይጥላል። ብዙ ተዋናይ ግን ዘመዶቹ ባረፉበት አጥቢያ መቀበር ይፈልጋል። ኑዛዜው ካለ በዚያው ጨርሱ።

የሥራዎቹን ዝርዝር ከየት እንጀምር?

ከአልጋው ሥር። አልቀለድንም። የድሮ ተዋናይ ቤት ውስጥ አንድ ሻንጣ አይጠፋም። ውስጡ የቴአትር ፕሮግራም፣ የመግቢያ ካርድ፣ የውል ወረቀት፣ ጠርዙ የተቀደደ ፎቶ፣ በእርሳስ የተሰመረበት ድርሰት ይኖራል። በእርሳስ የተሰመረውን ድርሰት ከሁሉ በፊት አስቀምጡ። የት እንደሚተነፍስ፣ የት ድምፁን እንደሚያወርድ የጻፈው እዚያ ላይ ነው። ፎቶዎቹን አታጽዱ፣ በማስቲሽ አትለጥፉ፣ ጀርባቸውን ሳታዩ አትለፉ። ስምና ቀን ብዙ ጊዜ ከጀርባ አለ።

ከዚያ ወደ መሥሪያ ቤቱ። ብዙዎቹ አንጋፋ ተዋንያን የቴአትር ቤት ደመወዝተኞች ነበሩ። ሀገር ፍቅር የተመሠረተው በ1927 ነው፤ ብሔራዊ ቴአትር በ1948 «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ተብሎ ተከፈተ። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ፖስተርም ፋይልም ይኖራል። በደብዳቤ ጠይቁ፣ በትዕግሥት ጠብቁ። ለጋዜጣ ደግሞ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) አለላችሁ። ድሮ «አዲስ ዘመን» ላይ የወጣ አንድ የቴአትር ማስታወቂያ የአሥር ሰው ትዝታ የማይሰጣችሁን ቀን ይሰጣችኋል።

ሰው ስትጠይቁ «ምን ምን ሠራ?» አትበሉ። «ቤቱ ይቁጠረው» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። «ከማን ጋር ሠራ? ማን አለበሰው? ማን ሜካፕ ሠራው? መብራት ላይ ማን ነበር?» በሉ። ባለፈው ዓመት ላረፈ አንድ ተዋናይ ስንለፋ፣ የቴአትር ቤት አልባሳት ክፍል የሠሩ እናት አገኘን። (የተዋናዩን ስም ቤተሰቡ ስላልፈለገ አንጽፍም።) እማማ የቴአትሮቹን ርዕስ አንድም አላስታወሱም። ልብሱን ግን አስታወሱ። «ያን ጊዜ ወፍሮ ነበር፤ ካፖርቱ እምቢ ሲል ከጀርባው ተርትሬ ሌላ ጨርቅ ቀጠልኩበት። ጀርባውን ለሕዝብ እንዳይሰጥ ተቆጣሁት። ሌሊቱን ሁሉ ጀርባውን ሳያሳይ ተጫወተ» አሉን። በካፖርቱ ተነስተን ቴአትሩን አገኘነው። በማንም ዝርዝር ውስጥ አልነበረም።

ዓመቶቹ አይገጥሙልንም። አንዱ ጋ 1972፣ ሌላው ጋ 1980 ይላል።

ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ የኛ ነው፣ አንዱ የፈረንጅ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8። ሀገር ፍቅር በሐምሌ 1927 ተመሠረተ፤ በፈረንጅ 1935 ነው፣ 8 ጨምሩ። ብሔራዊ ቴአትር በጥቅምት 1948 ተከፈተ፤ በፈረንጅ 1955 ነው፣ 7 ጨምሩ። ወሩን ካላወቃችሁ አትቀይሩ። ያገኛችሁትን ዓመት እንዳለ ጻፉና አጠገቡ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» በሉ። አንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ተቀይሮ ተዋናዩ በ8 ዓመቱ ዋና ገጸ ባሕርይ ሲጫወት አይተናል።

ስሙን ኢንተርኔት ላይ ብንፈልግ ምንም አይወጣም።

አጻጻፉን ቀያይሩ። «ፍቃዱ» እና «ፈቃዱ»፣ «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሃይሉ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለኮምፒዩተሩ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በላቲን ፊደል ከሆነማ አንዱ ስም አራት አምስት ዓይነት ይጻፋል። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ በተዋናዩ ስም ሳይሆን በፊልሙ ርዕስ ወይም በዋናው ተዋናይ ስም ፈልጉ። ትንሽ ቦታ የተጫወተ ሰው ስሙ ከቪዲዮው ሥር አይጻፍም። ቁጭ ብሎ ማየት ነው ያለው።

የድሮ ፊልሞቹ የት ገቡ?

እንደ ዘመኑ ይለያያል።

የአገራችን የመጀመሪያው ረጅም ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ወጣ፤ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ ጥቁርና ነጭ። ያኔ ፊልም ማለት የሚጠቀለል፣ የሚከብድ፣ ውድ ዕቃ ነበር። ቅጂው ጥቂት ነው። እንዲህ ያለ ጥቅል ሙቀትና እርጥበት ካገኘው ይበሰብሳል። ቆርቆሮውን ከፍታችሁ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተታችሁ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው። ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አድርጉት፤ ከሌሎቹም ለዩት። በራሳችሁ ማሽን ላይ አትስቀሉት።

ከዚያ የቪዲዮ ዘመን መጣ። በ1990ዎቹ በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጹ ፊልሞች ሲኒማ ቤት ገብተው ሰልፍ አስያዙ። ከሲኒማው ሲወርዱ ቪኤችኤስ፣ ኋላ ቪሲዲ ሆነው ፒያሳና መርካቶ ተሸጡ። ዋናው ቅጂ በፕሮዲውሰሩ እጅ ቀረ። ፕሮዲውሰሩ ቢሮ ቀየረ፣ ሥራ ቀየረ፣ አገር ቀየረ። ካሴቱ ከሶፋው ጋር ተሸጠ። ብዙው ነገር የጠፋው ማንም አጥፍቶት አይደለም፤ ማንም ስላልፈለገው ነው።

ቴሌቪዥን ላይ የተላለፈው ሌላ ጣጣ አለው። የአገራችን ቴሌቪዥን በ1957 ነው የጀመረው። ድሮ በቀጥታ የተላለፈ ድራማ ካልተቀረጸ የለም። በቃ። ያየው ሰው ትዝታ ብቻ ነው ያለው፤ ያንንም ጻፉት።

የሚገርመው ብዙ ጊዜ ያገኘነው ከጎረቤት ነው። አንድ ሰው ከቴሌቪዥን ላይ በቤቱ ዴክ የቀዳው፣ መሃሉ ላይ የዜና መግቢያ ያለበት ካሴት።

ካሴቱን አገኘነው! አሁኑኑ እናጫውተው?

ተው! መጀመሪያ በመስኮቱ ተመልከቱት። ነጭ ዱቄት ወይም ክር የመሰለ ነገር ካለበት ሻጋታ ነው፤ ዴኩ ውስጥ ቢገባ ካሴቱንም ዴኩንም ያበላሻል፤ ቀጥሎ የሚገባውንም ያስይዛል። ንጹሕ ከሆነ አንዴ ብቻ አጫውቱት፣ ያኔውኑ ወደ ኮምፒዩተር ይቀዳ። ካሴት በተጫወተ ቁጥር ይደክማል። ከድምፅ ማጉያ አርቁት፤ ማግኔቱ ይጎዳዋል። ሲቀመጥ እንደ መጽሐፍ ይቁም።

ለማስቀዳት ስትሰጡ አጠገቡ ቁሙ። እኛ ለአንድ ፎቶ ቤት አምስት ካሴት ሰጥተን አራት ተቀበልን። አምስተኛው «እናንተ አራት ነው የሰጣችሁት» ሆኖ ቀረ። አሁን ቆጥረን፣ ፎቶ አንስተን፣ አስፈርመን ነው የምንሰጠው።

የተቀዳውን ሦስት ቦታ አስቀምጡ። ሦስቱም አንድ ቤት አይሁኑ። ፍላሽ አትመኑ፤ ፍላሽ ለመውሰጃ እንጂ ለማኖሪያ አይሆንም።

እሱ የሠራበት ፊልም ስለሆነ ያለ ፈቃድ ማሳየት እንችላለን?

አትችሉም። ተዋናዩ የተጫወተበት ፊልም የተዋናዩ ንብረት ነው ማለት አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪውንና የተዋናዩን መብት ለይቶ ያያል። ሕጉ ተዋናዩን «ከዋኝ» ይለዋል። የሥራ አመንጪው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፤ ለከዋኙም የ50 ዓመት ጥበቃ አለው። ስለዚህ ወራሾቹም መብት ይኖራቸዋል፣ ፕሮዲውሰሩም አለው። በተግባር ግን ነገሩ አያስፈራም። ለፕሮዲውሰሩ ደውሉ፣ የመታሰቢያ ምሽት መሆኑን፣ ትኬት እንደማይሸጥ ንገሩት፣ በጽሑፍ አስፈቅዱ። እምቢ ያለን ሰው እስካሁን የለም። ሳናስፈቅድ ያሳየን ጊዜ ግን ተቆጥቶ የደወለ አለ፤ ልክ ነበር።

የት እናድርገው?

የሚያውቀው ሰፈር ቢሆን ደስ ይላል። ፒያሳ ግን እናንተ የምታስታውሱት ፒያሳ አይደለም። በ2016 ብዙ ቤት ፈርሷል፤ ድሮ ከልምምድ በኋላ የሚሰባሰቡበትን ቡና ቤት ፈልገን ሰፊ የእግረኛ መንገድ ነው ያገኘነው። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ 40 ሰው ከሚበታተን ትንሽ አዳራሽ ሞልቶ ሰው ቢቆም ይሻላል። አዳራሹ ውስጥ ግን አንድ ነገር አረጋግጡ፦ ድምፁን። ምስሉ ቢደበዝዝ ሰው ይችላል፤ የሟች ድምፅ እየተቆራረጠ ሲመጣ ግን ያማል። ጄኔሬተር መኖሩንም ጠይቁ።

ምን ምን ቁራጭ እናሳይ?

ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ትዕይንት መጀመሪያ ላይ አታድርጉ። ጭብጨባው ይመጣና ቀሪው ይቀዘቅዛል። እኛ በትንሹ እንጀምራለን። ዘበኛ ሆኖ በር የከፈተበት፣ ሐኪም ሆኖ ሁለት ዓረፍተ ነገር የተናገረበት። ከዚያ ንጉሥ የሆነበትን እንቀጥላለን። ዘበኛውና ንጉሡ ተከታትለው ሲመጡ አዳራሹ ውስጥ አንድ ዓይነት ዝምታ ይወርዳል። ተመልካቹ እጁን ያያል፣ አካሄዱን ያያል። «ይሄም እሱ ነው እንዴ?» የሚል ሹክሹክታ ትሰማላችሁ።

የሚናገርበትን ብቻ አትምረጡ። የሚያዳምጥበትን ፈልጉ። እኛ አገር ትወና ከመድረክ ስለመጣ ድምፅ ይወደዳል፤ ጥሩ ተዋናይ ግን ሌላው ሲናገር ምን እንደሚሆን አይታችሁ ትለዩታላችሁ። የሬዲዮ ሥራም ካለ መብራቱን አጥፉና አሰሙ። ስክሪኑ ላይ ፎቶውን አታድርጉ። ባዶ ይሁን።

ጠቅላላው ከ40 ደቂቃ አይብለጥ።

ንግግር የሚያደርገው ስንት ሰው ይሁን?

ሦስት። አንድ ከቤተሰብ፣ አንድ አብሮት ከሠራ፣ አንድ ከታናናሾቹ። «ከኔ ጋር የነበረን ቅርበት» ብሎ የሚጀምር ሰው ስለ ራሱ ሊያወራ ነው፤ ሰዓት ያዙበት።

ስለ ሕመሙና ስለ ችግሩ ይነገር?

ቤተሰቡ ካልፈቀደ አይነገር። ፍቃዱ ተክለማርያም ሐምሌ 24 ቀን 2010 ሲያርፍ የኩላሊት ሕመሙን አገር ያውቀው ነበር፤ ሰው ለሕክምናው ገንዘብ አዋጥቶለታል። ስለዚህ ስለ እሱ ሲወራ ሕመሙም ይነሳል። ግን አስተውሉ፤ ብዙ ሰው ቴዎድሮስን ሆኖ መድረኩን ሲሞላው ከነበረው ይልቅ የመጨረሻዎቹን ወራት ነው የሚያወራው። ያሳዝናል። የአርባ ዓመት ሥራ በአንድ ዓመት ሕመም መሸፈን የለበትም። ሕመሙ ከተነሳ በአንድ አረፍተ ነገር ይነሳና ይለፍ።

ያረፈችው ሴት ተዋናይ ከሆነችስ? የተለየ ነገር አለ?

አለ። በድሮው መድረክ የሴት ቦታ ወንዶች ይጫወቱ ነበር። ቀድመው የወጡት እነ አስናቀች ወርቁ ስንት ስድብ ችለው ነው ያለፉት። በዚህ ምክንያት ስማቸውን ቀይረው የሠሩ፣ ሲያገቡ መድረኩን የተዉ አሉ። ስለዚህ በሁለት ስም ፈልጉ። ቤተሰብ ውስጥም ዝም የተባለ ነገር ይኖራል፤ አታስጨንቁ። ጓደኞቿን ጠይቁ፤ የበለጠ ያወራሉ።

ልጁ ማየት አልቻለችም። «አባቴን በስክሪን ላይ አላይም» ትላለች። ሳትመጣ ብናደርገው ቅር ይላታል?

አታስገድዷት፤ ግን ቦታ ያዙላት። ቅድም ስለ ካፖርቱ ያወራንለት ተዋናይ ልጅም እንዲሁ ነበረች። ምሽቱ ላይ መጣች፤ አዳራሹ ግን አልገባችም። ኮሪደር ላይ ቆማ ስልኳን ታያለች። ንጉሡ አለፈ፣ ሌባው አለፈ፣ ሰው አጨበጨበ። እሷ እዚያው ናት። ከዚያ የዘበኛው ቁራጭ መጣች፤ በዚያን ቀን ተሳስተን መጨረሻ ላይ ነበር ያስገባናት። አሥር ሰከንድ አትሞላም። ዘበኛው በሩን ይከፍትና «አሉ፣ አሉ፣ ግቡ፤ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ደርሳችኋል» ይላል። ምንም አልጨመረበትም፣ በተለመደው ድምፁ ነው።

ልጅቷ በሩን ገፋ አድርጋ አንገቷን አስገባች። ቁራጩ አልቋል። ኮምፒዩተሩ ላይ የተቀመጠውን ልጃችንን ቀስ ብላ ጠራችውና «ይቺን ድገማት» አለችው። ደገማት። «ቤት እንግዳ ሲመጣ እንደዚህ ነበር የሚለው» አለች። ከዚያ ገብታ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች።

ሲያልቅ ፍላሽ ሰጥተናታል። ሌላውን ሁሉ ፊልም አልፈለገችም፤ ያቺን ብቻ ገልብጡልኝ አለች።